የምኒልክ አንደበት ለምን ተዘጋ? መርዝ፣ ድግምት ወይስ አንጎል?

ዛሬ ከ100 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይዘናችሁ እንሄዳለን።

ጊዜው ጥቅምት 1902 ዓ.ም ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ ቤተ መንግሥት። በአድዋ የጣሊያንን ጦር ያሸነፉት፣ የባቡር ሐዲድ ያስጀመሩት፣ ስልክ ያስገቡት አጤ ምኒልክ ከባድ ሕመም ድንገት መታቸው። አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ መናገርም ተሳናቸው። ከዚያ በኋላ ከ4 ዓመት በላይ በሕይወት ቆይተዋል። ግን አንድም ቀን ተመልሰው አገር አልገዙም።

ሰውየው ምን ሆኑ? ያኔ በከተማው የሚወራው ብዙ ነበር። መርዝ አብልተዋቸው ነው የሚል ነበር። ድግምት ነው የሚል ነበር። የእግዜር ቁጣ ነው የሚልም አልጠፋም። በየወሬው ውስጥ ደግሞ አንድ የሚጠረጠር ሰው አለ።

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ አሶሳም ሆነ ሌላ ግቢ፣ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ጀነራል ሳይኮሎጂ የሚባል ኮርስ አለ። ገና መግቢያው ላይ የሰውን ባሕርይ የምናይባቸው መንገዶች ይዘረዘራሉ። አንደኛው ባዮሎጂያዊ አተያይ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የምናስበው፣ የምንናደደው፣ የምንናገረው ሁሉ በአንጎል፣ በነርቭ፣ በሆርሞንና በዘረ መል ላይ የተመሠረተ ነው። አንጎል ሲነካ ሰው ይለወጣል። ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን፣ ኤ ወይም ቢ አግኝተን ረስተነዋል። እኛ ግን ይህን ነገር በአንድ ሰው ሕይወት ልናሳያችሁ ፈልገናል። ሰውየው ደግሞ ሁላችሁም የምታውቋቸው ናቸው።

ከአምባ እስረኛነት እስከ ዙፋን

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም አንጎለላ ነው። የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ አጤ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ አባትየውም በዚያው ሰሞን ታመው ሞቱ። ልጁ ተማርኮ መቅደላ አምባ ላይ ተወሰደ።

እዚያ 10 ዓመት ገደማ ቆየ። እስረኛ ነው፤ ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ ያደገ እስረኛ ነው። ቴዎድሮስ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። በ1857 ዓ.ም ከአምባው አምልጦ ሸዋ ገባና የአባቱን ዙፋን ያዘ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ምኒልክ ብዙ ሰው የሚያውቀው በትዕግሥቱ ነው። ሲያይልበት ጎንበስ ይላል፤ ጊዜው ሲደርስ ቀና ይላል። በ1870 ዓ.ም ለአጤ ዮሐንስ ገበረ፤ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲሞቱ ደግሞ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫነ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም አድዋ ላይ የሆነውን መተረክ አያስፈልገንም።

ይህን ጸባይ በምን እናስረዳው? እዚህ ላይ ባዮሎጂው ብቻውን አይበቃንም። ከ11 ዓመቱ ጀምሮ በሰው እጅ ያደገ ልጅ፣ ፊት ማንበብንና አፉን መቆጠብን ይማራል። አስተዳደግ፣ የታየ መከራ፣ የተገኘ ትምህርት፣ የወደቀበት ሁኔታ ሁሉ ሰውን ይሠራል። ሳይኮሎጂም ለእነዚህ ሌሎች አተያዮች አሉት። ሆኖም ያ ሁሉ ልምድ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ እሱም ከራስ ቅላችን ውስጥ ያለው አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ አካል ነው። 60 ዓመት የተገነባ ሰው በዚያ ቦታ በሚፈጠር አንድ ችግር በሰዓታት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። የምኒልክ ታሪክ የሚያሳየው ይህን ነው።

የእኛስ አገር?

ምኒልክ ከአሶሳ ጋር ምን ያገናኛቸዋል የሚል ካለ፣ በደንብ ያገናኛቸዋል። በ1890 ዓ.ም የራስ መኮንን ጦር ወደ ቤንሻንጉል ዘመተ። የአካባቢው ሼኾች በጦርነት ተሸነፉ። የአሶሳው ሼኽ ሆጀሌ አል ሀሰን ተይዘው አዲስ አበባ ታሰሩ። በኋላ ተፈትተው ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ፤ አዲስ አበባም ትልቅ ቤት ነበራቸው። ጉለሌ አካባቢ ሸጎሌ የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ አይደል? ስሙ ከሼኽ ሆጀሌ የመጣ ነው። ሰው አፍ ላይ ሲንከባለል ሸጎሌ ሆነ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም ደግሞ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ተፈራርመው ከሱዳን ጋር ያለውን ድንበር ወሰኑ። ዛሬ ከኩርሙክ ማዶ ሌላ አገር የሆነው በዚያ ውል ነው።

ያ ዘመን ለአካባቢያችን ሰው ቀላል አልነበረም። ከቤንሻንጉል የሚጋዘው ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም በባርነት ይጋዝ ነበር። ይህን ያነሳነው ቁስል ለመነካካት አይደለም። ታች ስንደርስ ከዋናው ነገራችን ጋር ስለሚገናኝ ነው።

ምልክቶቹ

መጋቢት 1898 ዓ.ም ራስ መኮንን ሞቱ። ለንጉሡ የአክስት ልጅ፣ የቅርብ ሰው፣ እንደ ተተኪም የሚታዩ ነበሩ። ሐዘኑ ከባድ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የንጉሡ ጤና እየተጓደለ መጣ። በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር መልእክተኞችም ነገሩን ይከታተሉት ነበር፤ ምክንያቱም የአንድ ሰው ጤና የአንድ አገር ጉዳይ ነበርና።

ምኒልክ ራሳቸውም ነገሩ የገባቸው ይመስላል። ጥቅምት 1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ሥራው ከአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተነስቶ እንዲከፋፈል ነው። ግንቦት 1901 ዓ.ም ደግሞ የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ መሆኑን በአዋጅ አስታወቁ። ኢያሱ ገና ታዳጊ ነበር።

ሕክምናም ፈልገዋል። ከሐኪሞቻቸው አንዱ ከጓዴሎፕ ደሴት የመጣው ጥቁሩ ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊያን ነበር። ወደ ደብረ ሊባኖስም ለጠበል ሄደዋል። ሐኪምም ጠበልም፤ ልክ ዛሬ የእኛ ቤተሰቦች እንደሚያደርጉት ማለት ነው።

ግን ሕመሙ ደጋገመ። ይህ በጣም አስፈላጊ ነጥብ ስለሆነ ልብ በሉት። በሕክምናው ስሙ ስትሮክ ነው። አንዱ ስትሮክ አልፎ ሌላ ሊከተል ይችላል። አንዳንዴ የመጀመሪያው ቀላል ይሆንና ሰው ተሻለኝ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ያ መሻል ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ምኒልክ ላይ ከባዱ የመጣው ጥቅምት 1902 ዓ.ም ነው። 65 ዓመታቸው ነበር።

አልጋው ዙሪያ

ንጉሡ ዝም ሲሉ ሌላው ሁሉ መናገር ጀመረ።

እቴጌ ጣይቱ በባላቸው ስም ማዘዝ፣ መሾምና መሻር ጀመሩ። ዘመዶቻቸውን ወደ ሥልጣን ያቀርባሉ የሚል ቅሬታ ከሸዋ መኳንንት ዘንድ በረታ። በዚህ መሐል አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሡ ተመርዘዋል የሚል ነገር ይዞ ብቅ አለ። አስቡት እስቲ! ከተማው በወሬ እየታመሰ፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም መርዝ ነው ሲል። ጥርጣሬው በቀጥታ ወደ እቴጌዋ ቤት ዞረ።

መጋቢት 1902 ዓ.ም መኳንንቱ ተባብረው ጣይቱን ከአገር ጉዳይ አስወጧቸው። ሥራቸው ባላቸውን ማስታመም ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው የኢያሱ እንደራሴ ሆኑ፤ እሳቸውም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም ሞቱ። ከዚያ ሥልጣኑ በልጅ ኢያሱ እጅ ገባ።

ጣይቱ ግን አስታመሙ። ከ3 ዓመት ተኩል በላይ አስታመሙ። መርዛቸዋለች የተባሉት ሴት እስከ መጨረሻው ከአልጋው አጠገብ ነበሩ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም በ69 ዓመታቸው አረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። ያን ያህል የታወቀ ንጉሥ በወግ ሳይለቀስላቸው ቆዩ። ዛሬ አስከሬናቸው አዲስ አበባ በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ጣይቱም እዚያው አጠገባቸው ናቸው።

እሺ፣ አንጎል ውስጥ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ሳይንሱ እንግባ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ገደማውን እሱ ይወስዳል። ማጠራቀሚያ ስለሌለው ደም ያለማቋረጥ ሊደርሰው ይገባል። የደም ሥር በረጋ ደም ከተዘጋ፣ ወይም ፈንድቶ ከደማ፣ ከዚያ ቦታ የሚመገቡት ሴሎች መሞት ይጀምራሉ። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች እንደሚጠፉ ተሰልቷል። ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ለማንበብ ስንት ደቂቃ ወሰደባችሁ? በዚያ አባዙት።

የትኛው ቦታ ተጎዳ የሚለው ደግሞ ምን ይለወጣል የሚለውን ይወስናል። የአንጎል ግራ ጎን የሰውነትን ቀኝ ያዛል፤ ቀኙ ደግሞ ግራውን። ንግግር በአብዛኛው ሰው በግራ በኩል ነው።

ይህን ዓለም ያወቀው ምኒልክ ከመታመማቸው ከ48 ዓመት በፊት ነው። በ1861 እ.ኤ.አ ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም አንድ በሽተኛ ገጠመው። ሰውየው ከ20 ዓመት በላይ ሆስፒታል የኖረ ነው። የሚባለው ይገባዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው፦ ታን። ስለዚህ ስሙም ታን ሆነ። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን አየው። ከፊት በግራ በኩል የተጎዳ ቦታ አገኘ። ያ ቦታ ዛሬ ድረስ የብሮካ ክፍል ይባላል።

ከዚያም በፊት በ1848 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ለባቡር ሐዲድ ድንጋይ የሚያፈነዱ ሠራተኞች አለቃ ነው። ባሩዱ ያልታሰበ ጊዜ ፈነዳና ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ 6 ኪሎ የሚመዝን ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም! 12 ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ኖሯል። ግን ሐኪሙ በኋላ እንደጻፈው ጸባዩ ተለወጠ። ያ ጭምትና ታታሪ አለቃ ተሳዳቢ፣ ትዕግሥት የለሽ፣ ያቀደውን የማይጨርስ ሰው ሆነ። የድሮ ሥራውን መልሰው አልሰጡትም። ደስ የሚለው ነገር፣ ቆይቶ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። የተጎዳ አንጎል ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም፤ ሥራና ጊዜ ሲያገኝ ብዙ ነገር መልሶ ይማራል።

ሦስቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት፣ አንዱ የፓሪስ ድሃ በሽተኛ፣ አንዱ የአሜሪካ የቀን ሠራተኞች አለቃ። ሦስቱንም የለወጣቸው አንድ ነገር ነው። ማንም አልደገመባቸውም።

ባዮሎጂ የማይመልሰው

ግን እኮ ሁሉንም ነገር አንጎል ነው ብሎ መዝጋትም ልክ አይደለም። የአንጎል ሕመም ምኒልክ ለምን ዝም እንዳሉ ያስረዳል። ጣይቱ ለምን እንደተጠረጠሩ አያስረዳም። መኳንንቱ ለምን እንደተሻሙ፣ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም ለምን ከሥልጣን እንደወረደ፣ ሰገሌ ላይ ለምን ያን ያህል ሰው እንዳለቀ አያስረዳም። እነዚህን ለማወቅ ታሪክ፣ ጥቅም፣ ፍርሃት፣ ባህል መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የዛሬ ባለሙያዎች ሰውን በሦስት በኩል የሚያዩት፦ በአካሉ፣ በአእምሮውና በሚኖርበት ማኅበረሰብ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። እኛ አገር ባዮሎጂን የሚመስል አንድ የቆየ አነጋገር አለ። አጥንቱ ነው፣ ዘሩ ነው፣ ደሙ ነው ይባላል። እንትን ብሔር ቁጡ ነው፣ እንትን ብሔር ሰነፍ ነው፣ እነዚያ ደግሞ ለመገዛት የተፈጠሩ ናቸው። ከቤንሻንጉል ሰው ሲጋዝ የነበረው እንዲህ ያለ ወሬ እየተነገረ ነው። መተከል ውስጥ በ2013 ዓ.ም ያየነው መከራም ከእንዲህ ያለ ንግግር የራቀ አልነበረም። ይህ ሳይንስ አይደለም። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦ፣ የኮሞ፣ የአማራ፣ የኦሮሞ ብሎ የተለየ አንጎል የለም። የደም ሥር የሚዘጋው ዘር ጠይቆ አይደለም። ከንጉሥ ሰሎሞን እንወለዳለን ይሉ የነበሩት ሰውና ከቤንሻንጉል ተግዞ ቤተ መንግሥት ውሃ የሚቀዳው ሰው ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው የደም ሥር አንድ ነው።

ባዮሎጂያዊ አተያይን በትክክል የያዘው ሰው ሌላውን ለመናቅ ምክንያት አያገኝበትም። እንደውም ምክንያት ያጣል።

ዛሬ፣ እዚሁ

ይህን ሁሉ ለምን ነገራችሁን? የምኒልክ ቤት ወሬ ዛሬም በየቤታችን ስላለ ነው።

አባት ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ አፉ ይጣመማል፣ እጁ አልነሳ ይላል። ቤተሰቡ ምች ነው፣ ንፋስ ነው፣ ሰይጣን ነው እያለ ሦስት ቀን ይቆያል። ወይም ጎረቤት ይጠረጠራል። አንዲት ሚስኪን አሮጊት ቡዳ ተብላ ትገለላለች። በዚህ መሐል ሰዓቱ ያልፋል።

ወባ ሌላው ነው። ክልላችን ወባ የሚበዛበት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ከባድ ወባ አንጎል ላይ ሲደርስ ሰው ይቃዣል፣ የማይገናኝ ነገር ያወራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የገዛ ቤተሰቡን ላያውቅ ይችላል። ይህን አይቶ ጂኒ ያዘው ብሎ ማሰር ሕይወት ያስከፍላል። ትኩሳት ኖሮት ጸባዩ ድንገት የተለወጠ ሰው ቦታው ጤና ተቋም ነው፤ ያውም በዚያው ሰዓት።

ሞተር ሳይክልም አለ። ያለ ሄልሜት የሚነዳ ወጣት ቢወድቅና ቢተርፍ እንኳ፣ ከወራት በኋላ ቁጡ፣ ዝንጉ ወይም ሌላ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሰው ዱርዬ ሆነ ይለዋል። የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ጭንቅላቱን የመታው ልጅም እንደዚሁ። ጌጅን አስታውሱ።

ስለዚህ እነዚህን ያዙ፦

ፊቱ በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ ሁለቱንም እጅ አንሳ ሲባል አንዱ ከወደቀ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ከጠፋ፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የጀመረበትን ሰዓት መዝግቡ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ በየቦታው ባይገኝም፣ ቶሎ የደረሰ ሰው ሌላው ሕክምናም ይጠቅመዋል። መዋጥ ሊያቅተውና ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ውሃም ምግብም በአፉ አትስጡት።

የስትሮክ ትልቁ መንስኤ የደም ግፊት ነው። ግፊት ሳያምም ይቆያል። የእናንተንም የወላጆቻችሁንም አስለኩ፤ መለካት ደቂቃ አይፈጅም። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ እየደጋገመ ከታየ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ተሻለኝ ብሎ እንዳያቋርጥ።

ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ። ምኒልክም ሐኪምና ጠበል አብረው ይዘው ነበር። ጸሎቱም ዱዓውም መድኃኒት አቋርጡ አይልም።

ከስትሮክ በኋላ ደግሞ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ በድባቴ ይያዛል። አንዳንዱ ሳይፈልግ ያለቅሳል ወይም ይስቃል። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። ሕመሙ ነው፤ ሕክምናም አለው። መናገር ያቃተው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ መስማትና ማሰብ አቅቶታል ማለት አይደለም። የፓሪሱ ታን የሚባለውን ይሰማ ነበር። ስለዚህ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ እሱ እንደሌለ አታውሩ። ስለ ውርስና ስለ ንብረት በላዩ ላይ አትከራከሩ። በስሙ ጥሩት፣ ቀስ ብላችሁ አናግሩት፣ እንዲመልስ ጊዜ ስጡት፤ በቃል ካልሆነ በእጁ፣ በዓይኑ።

ምኒልክ አልጋ ላይ በነበሩባቸው በእነዚያ 4 ዓመታት ዙሪያቸው ያለው ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀው ማን አደረገባቸው እና ማን ይተካቸዋል የሚለውን ነበር። እናንተ ቤት ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌላ ይሁን፦ ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?

ይህን ጽሑፍ ወላጆቹ ግፊት ላለባቸው ጓደኛችሁ ላኩለት። አማርኛ ለማያነቡ አባትና እናት ደግሞ በበርታኛም፣ በጉሙዝኛም፣ በሺናሽኛም፣ በምትግባቡበት ቋንቋ አጫውቷቸው።